እንሶስላ የሸፈነው ትኩሳት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ብሎክ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ልጇን ልትድር ነውና ሴቶቹ ተሰብስበን ለሙሽራዋ ሂና ልናደርግላት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ብዙ ነገር ችዬ መኖር ተምሬያለሁ፤ የውኃውን መጥፋት፣ የደረጃውን ብዛት፣ እሑድ ጠዋት ከራሴ በላይ የሚወቀጠውን በርበሬ። ድንኳን ሲተከል ግን ሆዴ ይባባል። የፈረሰው ሰፈራችን ለአንድ ቀን ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል።

ሰዓዳ ከአብነት መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ዛሬ የልጆች እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላት ትልቅ ሴት ሆናለች። «እርስዎ ይጀምሩላት» ተባለችና ከሙሽራዋ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ሂናውን ግን አልጀመረችም። መጀመሪያ የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ መዳፏን አየች፣ ሌላውንም ገልብጣ አየች። በእጇ ጀርባ ግንባሯን ነካች። ቀጥላ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ከማጅራቷ በላይ ያለውን የፀጉር ሥር በጣቶቿ ፈለግ ፈለግ አደረገች።

የሙሽራዋ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ሰዓዳ መዳፍ ያነባሉ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ አያነቡም» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ሙሽራ ፊት የሚወራ ነገር አይደለም።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ አሁን ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት ላይ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር። ተደጋግፈው የምለው እንዲያው ለማሳመር አይደለም፤ አንዱ ቢነሳ ሌላው ይወድቅ ነበር። የእኛንና የእነሰዓዳን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። የሰዓዳ አባት ጋሽ ይማም ልብስ ሰፊ ነበሩና የመኪናቸው ድምፅ ቀኑን ሙሉ እኛ ቤት ይሰማል፤ እናቴ እኔን ስትቆጣ ደግሞ እነሱ ቤት ይሰማል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሜክሲኮ አካባቢ የጽሕፈት መኪና እማር ነበር። ሰዓዳ አባቷን ታግዛለች። ሁለታችንም ሃያ አልሞላንም፤ ሁለታችንም ከአዲስ አበባ ወጥተን አናውቅም፤ ሁለታችንም አራዳ ነን ብለን እናስብ ነበር።

የጋሽ ይማም አገር ወሎ ነው። የወንድማቸው ልጅ ፋጡማ ልትዳር ነው የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ሰዓዳ ያለ እኔ አልሄድም ብላ ድርቅ አለች። እናቴን ለማሳመን እናቷ እትዬ ሐዋ ራሳቸው መጡ። እናቴ ሁዳዴ ነው ብላ ተከራከረች፣ ጾሟን ልትሽርብኝ ነው ብላ ተከራከረች፣ በመጨረሻ ተሸነፈች። አንድ ነገር ግን አስማለችኝ። «በጾም ተኩለሽ፣ እንሶስላ ሞቀሽ እንዳላይሽ! ሰርግ ብትሄጂም ጾመኛ ነሽ፤ እጅሽን እንዳለ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። እንሶስላ ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ልንገር፦ ሥሩ ተቀጥቅጦ በትኩሱ እጅና እግር ላይ የሚደረግ፣ ሲፈታ ቆዳውን እንደ ደም አቅልቶ የሚተው ተክል ነው። የዛሬው ሂና የእሱ የከተማ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ደብረ ሲና ላይ ብርድ አንሰፈሰፈን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ሹራባችንን አውልቀን ብርቱካን ገዛን፤ ባንድ ቀን ሁለት አገር። ከኮምቦልቻ ወዲያ በጭነት መኪና፣ ከዚያም በእግር ነበር። በልግ ገብቷል። መሬቱ እርጥብ እርጥብ ይሸታል፣ ሣሩ ጉልበታችንን ይነካል፣ የከተማ ጫማችን በጭቃ ከብዶ የሌላ ሰው እግር መሰለን። ፋጡማ ከሩቅ አይታን እየሮጠች መጣች። ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ገና ሰላም ሳትለን ጫማችንን አይታ በሳቅ ወደቀች።

ቤቱ የተቀበለኝን አቀባበል አልረሳውም። ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻ የሚታረድ ፍየል አዘጋጅተው፣ የሚያርድ ክርስቲያን ጎረቤት ሁሉ ጠይቀው ነበር። ጾመኛ መሆኔን ሲሰሙ የፋጡማ እናት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ፍየሏንም እኛንም ገላገለችን!» አሉና ሁሉም ሳቁ። ለእኔ ብቻ በአዲስ ሸክላ ሽሮ ይሠራል፤ ሱፍና ቆሎ ከፊቴ አይጠፋም። ጾሜን እቤቴ ከምጾመው በላይ በጥንቃቄ የጠበቁልኝ እነሱ ናቸው።

የፋጡማ አባት ለልጃቸው ይዛት የምትሄድ ላም ገዝተውላት ነበር። ከቆላ ገበያ የመጣች፣ ግንባረ ቦቃ፣ መልከ መልካም ላም። ግን መዥገር ወሯታል። ከጆሮዋ ሥር፣ ከጭራዋ ግርጌ፣ ከጡቷ ዙሪያ፣ ደም የጠጣ የጉሎ ፍሬ የሚያህል መዥገር ተለጥፎባታል። ፋጡማ ወገቧን ይዛ፣ «በመዥገር የተበላች ላም እየነዳሁ ባል ቤት አልገባም። ያሙኛል!» አለችና ሁለታችንንም ሥራ ላይ አዋለችን። እሷ ጭራዋን ትይዛለች፣ እኛ እንነቅላለን። እኔ በሁለት ጣቴ እየተጸየፍኩ ነቅዬ ፍም ላይ እጥላለሁ። ሰዓዳ ግን ለመደችው፤ በጥፍሮቿ መካከል እየጨፈለቀች፣ «ይሄ ጮማ ነው! ይሄኛው ነጋዴ ነው!» እያለች ታስቀናለች። ፋጡማ እየሳቀች አንዱን አንስታ የሰዓዳ አንገት ላይ ወረወረችው፤ ሰዓዳም መለሰችላት። ላሟ በመካከላችን ቆማ ታመሰኳለች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ሴቶቹ ፀጉር ሠሩ፤ ሙሽራዋንም ሰዓዳንም ቆዳቸው እስኪወጠር ሹሩባ ሠሯቸው። ቀጥሎ እንሶስላው ቀረበ። ትኩሱ የተቀጠቀጠ ሥር እጃቸውና እግራቸው ላይ ተደርጎ፣ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጨርቅ ታስሮ እሳት ዳር ተቀመጡ። እኔ ባዶ እጄን ተቀምጬ እናቴን በልቤ እወቅሳለሁ። እጃቸው የታሰረ ስለሆነ ምሳ የማጎርሳቸው እኔ ሆንኩ። «የጾመኛዋ ሥራ ዛሬ እኛን ማጉረስ ነው» አለች ፋጡማ፣ አፏ ሞልቶ። ሲፈቱ እጃቸው ደም መስሎ ወጣ። በጣም ያምር ነበር። ቀናሁ።

ሰርጉ አለፈ፤ ፋጡማ ከነላሟ ሄደች፤ እኛም ተመለስን።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ ግድም ሰዓዳ ራሷን ያዘች። ዓይኔ ሊወጣ ነው ትላለች፤ ወገቧን፣ ጉልበቷን ትላለች፤ ሰውነቷ እሳት ነው። እትዬ ሐዋ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨመቁላት። እናቴ የልደታን ጠበል በጠርሙስ ይዛ ከግድግዳው ወዲያ ሄደች፤ እትዬ ሐዋ አልጠየቁም፣ ፊቷን አስነኩላት። ለውጥ የለም። ሠፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ተወሰደች። ያኔ በትኩሳት ክሊኒክ የሄደ የአዲስ አበባ ሰው ታይፎይድ ሳይባል አይመለስም ነበር፤ ዛሬም ብዙ የተለወጠ አይመስለኝም። ደሟ ታየ፣ ታይፎይድ ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጣት። መድኃኒቱን እየዋጠች ባሰባት። ሰው መለየት አቃታት። «ላሟን እሰሯት፣ ልትወጋኝ ነው» ትላለች፤ ፋጤን ትጠራለች። ጋሽ ይማም መስፋት ተዉ። የመኪናው ድምፅ ሲጠፋ ነው እኔ ልትሞት ትችላለች ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት፤ በግድግዳው በኩል የመጣው ዝምታ አስፈራኝ።

እኔም በዚያው ሰሞን ትኩሳት ነበረኝ። እንደሷ ግን አልጣለኝም፤ ራሴን ያመኛል፣ ይበርደኛል፣ ይተወኛል። እሷ እንዲያ ሆና እኔ አመመኝ ማለት አሳፈረኝና ዝም አልኩ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ይማም ሰዓዳን በጀርባቸው አዝለው ታክሲ ውስጥ አስገቧት፤ እትዬ ሐዋና እኔ ደግፈናት አራታችንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ደክሟታል፣ ወረፋው እስከ በር ነው። ግን አልቸኮለችም። የሰዓዳን ዓይን ገለጠች፣ ምላሷን አየች፣ ሆዷን ዳበሰች፣ ደረቷንና ክንዷን ተመለከተች። ሰዓዳ ጠይም ናት፤ ገላዋ ላይ የሚታይ ነገር የለም። እጆቿን ስታነሳ እንሶስላው ገና እንዳማረ ነው።

«ሙሽራ ናት?» አለች።

«ሚዜ ነበረች» አሉ እትዬ ሐዋ።

ሐኪሟ እጇን መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ውኃ ላጠጣት ብዬ በአንድ እጄ ኩባያውን ይዤ በሌላው ራሷን ቀና ሳደርግ፣ ሐኪሟ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ፣ መዳፍሽ ምን ሆኖ ነው?»

መዳፌ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት አይቼው የጽሕፈት መኪናው ሪቫን ቀለም መስሎኝ በሳሙና ፈትጌዋለሁ። ሐኪሟ በጣቷ ጫን ብላ ለቀቀችው። ጫማሽን አውልቂ አለችኝ፤ ውስጥ እግሬም ላይ አለ። ትኩሳት አለሽ? ስትለኝ፣ አለኝ አልኳት። ቁስል አለብሽ? ጎኔ ላይ፣ ከመቀነቴ ሥር፣ ጫፉ ጠቁሮ የደረቀ ትንሽ ቁስል ነበረኝ፤ የአውቶቡስ ቁንጫ ነው ብዬ ነበር። አሳየኋት።

«የት ነበራችሁ? ከብት ነክታችኋል?»

ነገርኳት። ላሟን፣ መዥገሩን፣ ጨዋታችንን ሁሉ። ሳወራ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። ወደ እትዬ ሐዋ ዞራ፣ «እናቴ፣ ፀጉሯን ይፍቱልኝ» አለቻቸው።

እትዬ ሐዋ የሰርጉን ሹሩባ መፍታት ጀመሩ። አንዱን ጉንጉን ፈትተው ሌላውን ሲይዙ ሰዓዳ ታቃስታለች። ከማጅራቷ በላይ፣ ጉንጉኑ ተጠብቆ በተያዘበት ቦታ፣ የተቃጠለ የክብሪት ራስ የሚመስል ጥቁር ቁስል ወጣ።

«የመዥገር ትኩሳት ነው» አለች ሐኪሟ። በጠይም ገላ ላይ ሽፍታው እንደማይለይ፣ ደህና አድርጎ የሚታየው መዳፍና ውስጥ እግር ላይ እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ የሰዓዳን ቀይ እጅ መልሳ አነሳችው። እኛም አየነው። ንክሻውን ሹሩባው፣ ሽፍታውን እንሶስላው ሸፍኖት ነበር፤ ልጅቷን ያስጌጥናት እየመሰለን ደብቀናት ነበር። የእኔ እጅ ባዶ ባይሆን ኖሮ ማን ያይልን ነበር? እናቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳት።

መድኃኒቱ ብርቅ አልነበረም፤ የትም መድኃኒት ቤት ያለ ካፕሱል ነው። ሐኪሟ ዘግይታችኋል፣ ግን እንሞክራለን አለች። ቀጥላ የጠየቀችው ጥያቄ ነው ያስደነገጠኝ።

«ሌላ ማን ነበር አብሯችሁ?»

ሦስታችንም ተያየን። «ሙሽራዋ» አልኩ።

ጋሽ ይማም ተነሱ። ስልክ በሌለበት አገር መልእክት ማለት ራስህ መሄድ ነው። ካፕሱሉን በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ልጃቸውን ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ። ሲመለሱ እንደምትቆያቸው ማንም ቃል አልገባላቸውም። እንደዚያ ሁለት የተከፈለ ሰው ፊት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እትዬ ሐዋ ናቸው የቆረጡላቸው። «ሂድ!» አሏቸው። «ይችን ለአላህ ሰጥተናል፤ ያችም ልጅህ ናት። ሂድ ይማም!» ሄዱ።

ሰዓዳን ወደ ቤቷ መለስናት፤ እኔም ካፕሱሌን እየዋጥኩ አጠገቧ ከረምኩ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቷ ጎደለ። ሌላ ቀን ስሜን ጠራች። ቀጥላ ሎሚ ያለበት ሻይ ጠየቀች፤ እትዬ ሐዋ ሻይ አፍልተው ሲያመጡ ከመቸኮላቸው ብዛት ግማሹ ፈሰሰ። እናቴ ግድግዳውን ከእኛ ቤት በኩል በጡጫ መትታ፣ «ምን አለች?» ብላ ጮኸች። «ስኳር አነሰው አለች!» ብዬ ጮህኩላት። እናቴ በእልልታ መለሰች።

ጋሽ ይማም ሲመለሱ ያገኘኋቸው መጀመሪያ እኔ ነኝ። አብነት ሱቅ ተልኬ ስመለስ ሠፈራችን መግቢያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፌስታሉ የለም። «ሰዓዳስ?» አሉኝ። ተሽሏታል፣ በላች አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ፤ ከዚያ እጃቸውን ሳያወርዱ ማልቀስ ጀመሩ።

ፋጡማን አልደረሱባትም። ከመድረሳቸው በፊት በነበረው ጁምዓ ተቀብራለች። አዲስ ሙሽራ ስትታመም ሰው ዓይን ነው ይላል፤ ዱዓ ተደርጎላታል፣ የሚያውቁት ሁሉ ተደርጎላታል። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። «በእንሶስላዋ ነው የቀበሯት» አሉኝ፤ «እጇ ሳይለቅ»። በባሏም ቤት፣ በአባቷም ቤት በትኩሳት የወደቀ ሰው ነበረ፤ ላሟ ከገባች ወዲህ መዥገሩ ወደ ጎረቤት ከብት ተሸጋግሮ፣ ትኩሳቱ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ነፋስ ነው ይሉ ነበር። ካፕሱሉን ለእነሱ አከፋፈሏቸው። ወንድማቸው የሆነውን ሲሰሙ ከበሩ ወጥተው፣ «ላሟን እኮ እኔ ነኝ የመረጥኳት» አሉ ብለው ነገሩኝ።

ለሰዓዳ እንዳይነገር ተባለ። የታመመ ሰው መርዶ አይሰማም፤ ጉልበቷ እስኪመለስ ሁላችንም ስቀን መግባት ነበረብን። እሷ ግን ትጠይቃለች። «ፋጤ ዳነች አይደል? አባባ ደርሰውላታል አይደል?» እኔ ሾርባ አጎርሳታለሁ። ያን ሰሞን ያጎረስኳትን ያህል በሕይወቴ ማንንም አጉርሼ አላውቅም፤ አፏ ሲሞላ አትጠይቅምና።

ከዚያ አንድ ንጋት ላይ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎች መጡ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ቆማለች፣ እኔ ከሷ ኋላ። ሰዓዳ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን። ማንም አፉን ሳይከፍት ዓይኗ ወደ ራሷ እጅ ወረደ። እንሶስላው ከቆዳዋ ለቅቆ ጥፍሮቿ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችና፣ «ፋጤ ናት» አለች። አልጠየቀችንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። አሁንም አንዳንዴ ሬዲዮ ላይ በየገጠሩ ስለሚዛመተው የመዥገር ትኩሳት ሲወራ እሰማለሁ። የሚናገሩት ባለሙያዎች ጥሩ ይናገራሉ፤ ከብታችሁን አስረጩ፣ መዥገር በእጃችሁ አትጨፍልቁ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ ቶሎ ታከሙ ይላሉ። እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳምጥና፣ ሬዲዮ የሌለውን ያን ቤት አስባለሁ። አብረን ስቀን አብረን የነቀልን ሦስት ልጆች ነበርን። አንዷ እናቷ ስላስማለቻት፣ አንዷ ጓደኛዋ ስለነበረች ዳኑ፤ አንዷን የገደላት የመንገዱ ርቀት ነው። ይህን ነገር ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ቀለል ብሎኝ ግን አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ሰዓዳ የሙሽራዋን ማጅራት ዳብሳ ጨረሰች። ሻሿን በጥንቃቄ መለሰችላት። መዳፏን ግን ገና አልለቀቀችውም፤ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ታሸዋለች። ሂና የምትሠራው ልጅ ሂናውን ይዛ ትጠብቃለች። ሙሽራዋ የምትመረቅ መስሏት ኖሯል፤ አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «አሚን» አለች።

ሰዓዳ ምንም አላለችም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ መልሳ ልጅቷን አየች።

«አሚን» አለችና የልጅቷን እጅ ለሂናው ሰጠች።